የደግሰው አፍንጫና የአዳም ናና

ባሌ ደግሰው እኔን ከማግባቱ በፊት ማርን አግብቷል ብል ውሸት አይሆንብኝም። በላሊበላ የቅዳሜ ገበያ ማር የሚሸጥም የሚገዛም እሱን ሳያስቀምስ ዋጋ አይቆርጥም ነበር። ማሩ ከኩልመስክ ይምጣ ከሙጃ፣ ንቧ ጦስኝ ትቅሰም አደይ አበባ፣ ስኳር ይግባበት አይግባበት፣ በጣቱ ጫፍ ነክቶ፣ አሽትቶ፣ ምላሱ ላይ አድርጎ ይናገራል። አንድ ጊዜ አንድ የተከበሩ የደብር አለቃ ይዘውት የመጡትን ማር ቀምሶ፣ «አባቴ፣ ይፍቱኝና፣ ይቺ ንብ ሱቅ ገብታ ነበር» ብሎ ገበያውን በሳቅ ፈጅቶታል። አለቃውም አብረው ስቀው ማራቸውን ይዘው ተመለሱ።

እኔ ግን ሠላሳ ዓመት አብሬው ስኖር አንድ ነገር ታዝቤያለሁ። ከገበያው ማዶ ያለ ማር የሚሸተው ይህ አፍንጫ፣ ከጎኑ ምድጃ ላይ የተጣደ ወጥ ሲያር አይሸተውም። «ይማርሽ፣ ዛሬስ ወጡ ምነው መረረ?» የሚለኝ ሙልጭ አድርጎ ከበላው በኋላ ነው። ለማር እንጂ ለእኔ ወጥ የተፈጠረ አፍንጫ አይደለም ብዬ ትቼዋለሁ።

ማር ሰው ሲያጣላ ገበያችን ወግ አለው። ሻጭና ገዢ ፍርዱን እንቀበላለን ብለው አስቀድመው ዋስ ይጠራሉ። ቀማሹ በርጩማው ላይ ይቀመጣል፣ በውኃ ሦስት ጊዜ ይጉመጠመጣል፣ ጀርባውን ለነፋስ ሰጥቶ ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ በኋላ አንድ ቃል ከተናገረ አለቀ፤ ይግባኝ የለውም። ደግሰው በዚያች በርጩማ ላይ ሲቀመጥ ዳኛም እንደሱ አይኮፈስም።

ታዲያ ባለፈው ዓመት ከፋሲካ ወዲህ ባሌ ናና ናና መሽተት ጀመረ። እኔ ሞኟ ደስ አለኝ። በስተርጅናው ለእኔ ሲል የጥርስ ሳሙና ገዛ ብዬ ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ። አንዳንዷ ጎረቤቴ ባሏን «ከደግሰው ተማር» እያለች አስቸገረችው። የንስሐ አባታችን አባ ገብረ ሊባኖስ እንኳ መስቀል ሲያሳልሙት፣ «ደግሰው፣ ምን ተቀብተህ ነው? መዓዛህ ደስ ይላል» አሉት። አንገቱን ደፋ። እኔም አክብሮት መሰለኝ።

በኅዳር መጀመሪያ፣ አንድ ማክሰኞ፣ የእህቴ ልጅ ትሕትና ፊቷ ጠቁሮ መጣች። ትሕትና በወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ናት፤ ስትቆጣም ስትደሰትም ከፋይል አትለይም።

«ጋሼ፣ እርስዎን ፈልጌ ነው» አለችው ለደግሰው። «ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ አምስት ተማሪዎች ሲጋራ ሲያጨሱ ተያዙ። ምንድነው ይኼ ስላቸው ከረሜላ ነው ይሉኛል። ለካስ በፊልተሩ ውስጥ ትንሽ ፍሬ አለችው። ፍሬዋን በጣት ሲጫኗት ትፈነዳና ናና ይሸታል። ፖም የሚሸትም አለ።»

«ምን ጉድ ነው!» አልኩ እኔ።

«ጣዕም የተጨመረበት ትምባሆ በአዋጅ የተከለከለ ነው እኮ፣ አክስቴ። ትምባሆ እንኳን ልጅን አዋቂውንም መጀመሪያ ያስለዋል፤ ሲያስለው ይተወዋል። ይኼኛው ግን ጉሮሮ የሚቧጥጠውን በናና ሸፍኖ እስኪለምዱት ድረስ ያቆያቸዋል። አንዱ ልጅ አሥራ አራት ዓመቱ ነው።»

የሚሸጠው አዳም ነበር፤ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ሱቅ ያለው፣ ምላሱ ከማር የሚጣፍጥ ሰው። ትሕትና ልታሽግበት ብትሄድ፣ «ፓኬቱ ላይ ናና የሚል ቃል አሳዪኝ» አላት። ጽሑፉን እሱም እሷም ማንበብ አይችሉም፤ የየት አገር ፊደል እንደሆነ እንኳ አልታወቀም። ናሙናው አዲስ አበባ ተልኮ መልስ እስኪመጣ ድረስ ደግሞ ወራት ይፈጃል። እስከዚያ ዕቃው ይታሸግ ወይስ ይሸጥ በሚለው የወረዳው ኮሚቴ ተጨቃጨቀ። በመጨረሻ አዳም ራሱ፣ «የገበያው ወግ ይፍረደን። ጋሽ ደግሰው ያሽቱት። እሳቸው ናና ነው ካሉ እሽጉት፤ አይደለም ካሉ ግን ተዉኝ» አለ፤ ዋስም ጠራ።

«እርስዎን የመረጠው እሱ ነው፣ ጋሼ» አለች ትሕትና በደስታ። «የፊታችን ቅዳሜ።»

ደግሰው ከመቀመጫው ብድግ አለ። «ትምባሆ ነው እንጂ ማር ነው እንዴ! አፍንጫዬን ልታረክሱት ነው?»

«ለልጆቹ ነው እኮ» አልኩት። «እንኳን ተከበርክ! ደግሞ ለናና ከአንተ የቀረበ ማን አለ?» እኔ የጥርስ ሳሙናውን ማለቴ ነበር። እሱ ግን ፊቱ አመድ መሰለ። እንግዲህ ይህን ሁሉ እያየሁ ነው ያላየሁት።

ዓርብ ማለዳ ከጓሯችን ቀፎዎች ማር ልንቆርጥ ተነሣን። ንብ ሽታ አትወድም። አባቴ ነፍሱን ይማረውና ማር ሊቆርጥ ሲል ከዋዜማው ጀምሮ ሽንኩርት አይበላም፣ ጠላ አይቀምስም ነበር። ደግሰውም ይህን ደንብ ከማንም በላይ ያከብራል፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያለ ጓንት፣ በኩበት ጭስ ብቻ ሲቆርጥ ንቦቹ ክንዱ ላይ ይሄዱበታል እንጂ አይነኩትም። በዚያ ዓመት ግን የሰኔውን ማር እኔ ነበርኩ የቆረጥኩት፤ እሱ ወገቤን አሞኛል ብሎ ነበር።

የመጀመሪያውን ቀፎ ክዳን እንዳነሣ ንቦቹ ግልብጥ ብለው ወጡ። እኔ አጠገቡ ቆሜያለሁ። እኔን አልፈው እሱ ላይ ወረዱ። አፍንጫውን፣ ላይኛ ከንፈሩን፣ የግራ ዓይኑን ቆብ ነደፉት። የማር ዳኛ ደግሰው ኮቱን አውልቆ ጣለና ጎተራው ጀርባ ገባ። እኔ ከሳቅ ብዛት መሬት ላይ ተቀመጥኩ። «ይግባኝ በልባቸው እንጂ!» እያልኩ ጮህኩለት።

ማሩን ብቻዬን ቆርጬ ጨረስኩ። አንዲት ንብ አልነካችኝም። ዞር ስል መሬት ላይ የወደቀውን ኮት አየሁት። ንቦቹ ተረባርበውበታል፤ ኮቱን በሙሉ ግን አይደለም፣ የግራ ኪሱን ብቻ ነው። ኩበት አጭሼ አባረርኳቸውና እጄን ከኪሱ ሰደድኩ። ትንሽ አረንጓዴ ፓኬት ወጣ። ውስጡ ሦስት ሲጋራ ቀርቷል። አፍንጫዬ ላይ ባስጠጋው ለጎረቤት ስኩራራበት የከረምኩት የጥርስ ሳሙና ሸተተኝ።

ሳቄ እዚያው ደረቀ።

እኔ ስቆጣ ሰው አከብራለሁ። ባሌን አንተ ማለት ትቼ አንቱ ካልኩት ቤታችን ውስጥ እሳት አለ ማለት ነው። ፓኬቱን ይዤ ገባሁና ፊቱን በቀዝቃዛ ጨርቅ ይዞ ከተቀመጠበት አጠገብ ቆምኩ። «አቶ ደግሰው፣ የጥርስ ሳሙናዎን ጥለው ገቡ» አልኩት።

አላስተባበለም። ያበጠውን ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ በቀስታ አወራኝ።

«አዳም ነው። ከፋሲካ በኋላ በሱቁ በኩል ሳልፍ ጠራኝ። ‹እርስዎ የማያውቁት ቅጠል የለም፣ ጋሼ፤ ይኼ የየት አገር ናና ነው?› አለኝ። አንድ ጊዜ ሳብኩለት። ናና ነው፤ ግን የማውቀው ናና አይደለም፤ አፈር አልነካውም። አፍሬ ‹ነገ እነግርሃለሁ› አልኩት። በማግሥቱም ሳብኩ። ልለየው አልቻልኩም።»

«ለመለየት ስንት ቀን ፈጀብዎ?»

«ሰባት ወር» አለ።

ልስቅም ላለቅስም አልቻልኩም። ማንም ሰው ትምባሆ የሚጀምረው በጓደኛ ወይም በብስጭት ነው፤ የእኔ ባል ግን አበባውን አላወቅኩም ብሎ በሙያ ኩራት ጀመረው።

«ሰባት ወር ሙሉ እኔን ደብቀው?»

«የደበቀኝ እኮ ናናው ነው። ሌላ ትምባሆ ቢሆን በመጀመሪያው ቀን ባወቅሽብኝ። እኔም ራሴ በመጀመሪያው ቀን ተፍቼው ነበር።»

በዚህ ጊዜ አንድ ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። ወደ ጓዳ ገባሁና ሁለት ሲኒ ይዤ ወጣሁ። በአንዱ አሁን የቆረጥኩት ማር፣ በሌላው ከፋሲካ በፊት ለማነጻጸሪያ ብሎ ያስቀመጠው ስኳር የገባበት ማር። «ይቅመሱ» አልኩት። ከሁለቱም ነክቶ ቀመሰ። ከዚያ ቀና አለና ማሩን ሳይሆን ፊቴን ማየት ጀመረ። ፊቴን እንደ ግድግዳ አደረግሁት።

«ፊትሽን ምን አደረግሽው?» አለኝ።

«ማሩን ነው ያቀረብኩልዎ፣ ፊቴን አይደለም።»

ሁለቱንም ሲኒ ወደ እኔ ገፋቸው። «አይሸተኝም፣ ይማርሽ» አለ። «አንዱም አይሸተኝም። ከሰኔ ጀምሮ።»

«ታዲያ ገበያውን እንዴት ሲፈርዱ ከረሙ?»

«ፊታቸውን ነው የምቀምሰው። የሚያጭበረብር ሰው ማሩን ስቀምስበት ጉሮሮው ይንቀሳቀሳል፤ እጁ ዕረፍት ያጣል።»

ቁጣዬ ከእጄ ወጣ። አሳዘነኝ፣ ለእሱም ፈራሁ። ደግሰው ሀብትም ማዕረግም የለውም፤ ያለው ያ አፍንጫ ነው። ነገ ናና ነው ቢል አዳም በምን አወቁ ብሎ በገበያ መሐል ያዋርደዋል። አዳም እሱን የመረጠበት ተንኮልም ያን ጊዜ ገባኝ። በእኛ ዘንድ ደግሞ አጫሽ መባል ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ መጥፎውን ምክር የመከርኩት እኔው ነኝ። «በቃ» አልኩት፣ ወደ አንተ ተመልሼ። «አፍንጫህ እንደ ቅል አብጧል። ንብ ነደፈኝ፣ አልሸት አለኝ በል። ማን ይጠይቅሃል? ውሸትም አይደለም።»

ፊቱን በጨርቁ መልሶ ሸፈነ። ሌሊቱን ግን ሲገላበጥ ሰማሁት።

ቅዳሜ ገበያው ጢም ብሎ ነበር። ትምባሆ በወግ ሲቀመስ ታይቶ ስለማይታወቅ፣ በግ ሊሸጥ የመጣው ሁሉ በጉን እየጎተተ ከበበ። ደግሰው በርጩማው ላይ ተቀመጠ። አዳም ፊቱን አይቶ ከልቡ ያዘነ መሰለ።

«ምነው ጋሼ፣ ፊትዎ?»

«ንብ ነው።»

«እንግዲያስ ዛሬ አፍንጫዎ አይሠራም። ሕመምተኛን ማስገደድ ነውር ነው፤ ላቦራቶሪው እስኪመልስ ይደር» አለ አዳም፣ ሕዝቡን እያየ። ሕዝቡም እውነት ነው አለ። ትሕትና ፋይሏን አቅፋ ከንፈሯን ነከሰች። እኔ ከሰው መሐል ሆኜ ለደግሰው ራሴን ነቀነቅኩለት፤ በል፣ እሺ በል ማለቴ ነው።

ደግሰው ውኃ ተቀበለና ሦስት ጊዜ ተጉመጠመጠ። ጀርባውን ለነፋስ ሰጠ። ዓይኑን ግን አልጨፈነም። ከትሕትና እጅ ሲጋራውን ተቀብሎ ወደ አፍንጫው ሳያስጠጋ፣ ሳያየውም፣ በሁለት ጣቱ ያዝ አደረገው። ቅጭ የሚል ድምፅ ተሰማ።

«ናና ነው» አለ።

«ሳያሸቱት?» አለ አዳም።

«አፍንጫዬ አይደለም የመሰከረው፤ ጣቴ ነው። ፍሬዋ የት እንዳለች ጣቴ ያውቃል። ሰባት ወር ሳጨሰው ከርሜያለሁ። የምገዛውም ካንተ ነው።»

በጎቹ እንኳ ዝም ያሉ መሰለኝ። ባሌ እዚህ ላይ ቢያቆም ጥሩ ነበር። ደግሰው ግን ከጀመረ አያቆምም፤ ምግብ ላይም እንዲሁ ነው።

«አፍንጫዬንም ገድሎታል» አለ። «ከሰኔ ወዲህ በማራችሁ ላይ የፈረድኩት ፊታችሁን እያየሁ ነው። ማሩን አልቀመስኩትም። ይቅር በሉኝ።»

ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣልኩ። ገበያው ተንጫጫ። አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ይረግማል፣ አንዱ ድሮም ጠርጥሬ ነበር ይላል። በዚህ መሐል አንዲት ሴት ሰውን በክርኗ እየገፋች ወጣች። ጀውሀራ ትባላለች፤ ከኩልመስክ በኩል ማር የምታመጣ ነጋዴ ነበረች። ከሰኔ ጀምሮ ማር ይዛ አልታየችም፤ ያን ቀንም ይዛ የመጣችው ሽንኩርት ነበር።

«አያ ደግሰው፣ በሰኔ የእኔን ማር ስኳር አለበት ያሉትስ?»

ደግሰው ቀና ብሎ አያት። «ደንግጠሽ ነበር» አለ። «እጅሽ ይንቀጠቀጥ ነበር።»

«ልጄን ጤና ጣቢያ አስተኝቼ ነበር የመጣሁት! ወላሂ፣ መድኃኒት ልገዛበት ነበር። እርስዎ አንድ ቃል ተናገሩ፣ ሰው ሁሉ ሸሸኝ።»

ደግሰው ከበርጩማው ተነሣ።

«ልጅሽስ?»

«ልጄስ አልሐምዱሊላህ ድኗል። ስሜ ነው ያልዳነው።»

ባሌን ሠላሳ ዓመት አውቀዋለሁ፤ በሰው ፊት ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ያበጠ ፊት ሲያለቅስ አያምርም። እኔም ንብ ነደፈኝ በል ብዬ የመከርኩት ምክር አፌ ውስጥ መረረኝ፤ ምክሬን ቢሰማ ኖሮ ጀውሀራ እስከ ዛሬ ሽንኩርት ትሸጥ ነበር።

የአዳም ዕቃ በዚያው ቀን ታሸገ። አዳም ብልጥ ስለሆነ በሳምንቱ የልጆች ደብተር መሸጥ ጀመረ። ደግሰው ግን በርጩማውን ተቀማ። ማንም አልቀማውም፤ ራሱ ተሸክሞ ወስዶ ለገበያው ሽማግሌዎች አስረከበ። ከዚያ ኩልመስክ ድረስ ወርዶ ጀውሀራን ማርሽን ይዘሽ ነይ ብሎ ለመናት። ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ከማሯ አጠገብ ይቆማል። ለገዢው ሁሉ፣ «ይህን ማር በሐሰት ያረከስኩት እኔ ነኝ፤ እናንተው ቅመሱት» ይላል።

«ሠላሳ ዓመት ተቀምጠህ ፈረድክ፣ አሁን ቆመህ ተፈረደብህ» እለዋለሁ። ሰው መጀመሪያ የሚመጣው ደግሰውን ሊያይ ነበር። ሊያይ የመጣ ይቀምሳል፤ የቀመሰ ይገዛል። የጀውሀራ ማር ከቀትር በፊት ያልቅ ጀመር። «አያ፣ እርስዎ አፍንጫ ከሚኖርዎ ባይኖርዎ ይሻለኛል» ትለዋለች አሁን፣ እየሳቀች።

ትምባሆውን መተዉ ግን ሳቅ አልነበረም። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከፍየሏ ጋር ሳይቀር ተጣልቷል። ጦስኝ ያኝካል፣ ጓሮ ለጓሮ ይዞራል፣ ሌሊት ይነሣል። ሦስተኛው ሳምንት ላይ አንድ ጊዜ ተሸንፎ አጭሷል፤ ራሱ ነው የነገረኝ። ትሕትና በየሳምንቱ ትመጣና ፋይሏን ገልጣ ትመክረዋለች። አፍንጫው ይመለስ እንደሆነ ስጠይቃት፣ «ሊመለስ ይችላል፣ አክስቴ፤ ላይመለስም ይችላል» አለችኝ። ማታ ማታ ሁለቱን ሲኒ አቀርብለታለሁ። ነክቶ ይቀምስና ፊቴን ላለማየት ወደ ግድግዳው ዞሮ፣ «አላውቅም» ይላል። በየቀኑ «አላውቅም»። በትዳራችን ውስጥ ከዚያ በፊት ይህን ቃል ከአፉ ሰምቼው አላውቅም፤ ያን ሰሞን ስሰማው ግን አንጀቴን ይበላኝ ነበር።

በጥር መጨረሻ ትሕትና ደብዳቤ እያውለበለበች መጣች። የላቦራቶሪው መልስ ነው። እኔ ወጥ ጥጄ ምድጃው አጠገብ ነበርኩ፤ ደግሰው ከጓሮ፣ ከቀፎዎቹ ጋር ነበር። ንቦቹ ታርቀውታል፤ ከታኅሣሥ ጀምሮ አጠገባቸው ሲቀመጥ ዝም ይሉታል። ትሕትና በሩ ላይ ቆማ ጮክ ብላ አነበበችው። ብዙ ቁጥር አለው፤ መጨረሻው ግን ናና ነው ይላል።

«ሦስት ወር ፈጀባቸው?» አለ ደግሰው ከጓሮ። «ከእኔ ይሻላሉ!»

ሁላችንም ሳቅን። ትሕትና ሁለተኛውን ገጽ ማንበብ ጀመረች፣ እኔም ሥራ ፈትቼ አዳምጣለሁ።

«ይማርሽ!» አለ ደግሰው ከጓሮ። «ኧረ ወጡ አረረ!»

ትሕትና ድስቱን ልታወርድ ዘለለች። ክንዷን ይዤ አስቆምኳት።

«ምን አልክ?» ብዬ ጮህኩ።

«ወጡ አረረ ነው የምልሽ! አይሸትሽም እንዴ?»

ድስቱ ይንጨረጨራል፣ ቤቱ ጭስ ሆኗል፣ እንባዬ ይወርዳል። «እስቲ ድገመው» አልኩት እንጂ አላወረድኩትም።